ግራው ሠላሳ ስድስት፣ ቀኙ ሠላሳ ስምንት

እኔ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ። ከጎኔ ያለችው ክፍል የጫማ ሰፊው ናት። መሐላችን ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ፣ እሱ ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ግማሹን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ግማሹን በግድግዳው ሰምቼዋለሁ፣ የቀረውን ደግሞ እህቱ ነግራኛለች።

ጫማ ሰፊው ሃምሳውን ያለፈ፣ ትዳር ያልያዘ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የጣቶቹ ቆዳ ዘመኑን ሁሉ በማስቲሽ ደርቆ ስልክ ሲነካ ስልኩ አያውቀውም። አንዴ፣ ሁለቴ ይጫናል፤ ከዚያ "በይ አንቺ ንኪው" ብሎ ለታላቅ እህቱ ያቀብላታል። እሷ ስልክ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች ናት። እሱ "እትዬ" ስለሚላት እኛ የመንደሩ ባለሱቆችም ሁላችንም እትዬ እንላታለን።

ድሮ እንደማንኛውም ሰፊ ጥንድ ጫማ ይሰፋ ነበር። የፋብሪካ ጫማ እየረከሰ መጣና ገበያው ጭር አለ። አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሁለት ጥንድ አዲስ ጫማ ይዞ ገባ። ከአንዱ ግራውን፣ ከሌላው ቀኙን አጥልቆ፣ የተረፉትን ሁለቱን እንዲገዛው ለመነው። "እግሬ እኩል አይደለም ጋሼ፤ ዕድሜዬን ሁሉ ለአንድ ጫማ የሁለት ሒሳብ ስከፍል ኖርኩ" አለው። ሰውየው ከወጣ በኋላ ጫማ ሰፊው "ስንት እንደሱ ያለ ሰው ይኖር ይሆን?" ሲል በግድግዳው ሰማሁት። እትዬ መልሱን ኢንተርኔት ላይ አገኘችው። ብዙ ነበሩ።

እንዲህ ሆኖ እግራቸው ለማይተካከል ሰዎች ብቻ የሚሰፋ ባለሙያ ሆነ። እትዬም ክፍያውን በሚያስተናግድ ድርጅት በኩል ኢንተርኔት ላይ ሱቅ ከፈተችለት። ሰዎቹ እግራቸውን ወረቀት ላይ አስምረው ፎቶውን ይልካሉ፣ በካርድ ይከፍላሉ፣ እሱ ሰፍቶ በፖስታ ይልካል። ሰፈርተኛው ደግሞ መቼም ስም ማውጣት አይታክተውም፤ "ግራ ገቡ" አለው። እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል።

አንዲት ሙሽራ ያዘዘችው በዚህ መሐል ነው። ግራው ሠላሳ ስድስት፣ ቀኙ ሠላሳ ስምንት፤ ነጭ ቆዳ፣ አጭር ታኮ። ከትዕዛዙ ሥር "እባካችሁ ሳጥኑ ላይ ቁጥር አትጻፉ። ከእናቴ በቀር የሚያውቅ የለም። እስከ ዛሬ ትልቁን ገዝቼ ግራው ውስጥ ጥጥ እየወተፍኩ ነው የኖርኩት" የሚል ጽፋለች።

በዚያ ጫማ ላይ እንደተጠበበው በሌላ ሲጠበብ አላየሁም። ትልቁ ችግር መስፋቱ አይደለም። ጫማዎቹ እግር ላይ ሲሆኑ ዓይን እኩል አድርጎ እንዲያያቸው ማድረጉ ነው። የአፍንጫቸውን ሹለት፣ የስፌቱን መስመር እያስተካከለ ሲያፈርስ ሲሠራ ሰነበተ። ሲጨርስ እትዬ አደረገቻቸው። ትንሽ ቢያጣብቋትም ስትቆምባቸው ልዩነታቸው ጠፋ፤ አውልቃ ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ግን አንዱ የሌላው ታናሽ ወንድም ይመስላል። ጫማው በፖስታ ተላከ። ሙሽራዪቱም በደረሳት ማግስት "እጅዎ ይባረክ፣ ጥጥ ሳልወትፍ ቆምኩ" ብላ ጻፈች። እትዬ ይህን ለሦስት ሰው አነበበችው፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ገና ሱቄን ስከፍት፣ እትዬ ጮኸች።

"አንተ! ገንዘቡን ወሰዱት እኮ!"

"የትኛውን?"

"የሙሽራዋን። የካርዱ ባለቤት አቤቱታ አስገብቷል ይላል። 'ዕቃው ጉድለት አለበት፣ አንዱ ጫማ ከሌላው ያንሳል።'"

"አዎ፣ ያንሳል" አለ ጫማ ሰፊው።

"ጉድለት ነው ይላል!"

"የቱ ነው ጉድለቱ?"

"ማነሱ!"

"እንዲያንስ አድርጌ አይደል የሠራሁት?"

እኔም መሞረዴን አቁሜ ወደነሱ ዘለቅሁ። እትዬ ስልኩን አሳየችኝ። ጫማዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ፎቶ ተነስተዋል፤ ትንሹ ላይ ቀይ ክብ ተደርጎበታል። ከሥሩ ጉዳዩ እስኪጣራ ገንዘቡ ለካርዱ ባለቤት መመለሱን፣ ማስረጃ ካለን እንድንልክ፣ የላክነውም ለካርዱ ባለቤት እንደሚደርስ ተጽፏል።

"እጅዎ ይባረክ ያለችው ማን ናት ታዲያ?" አለ ጫማ ሰፊው።

"ያቺው ናት።"

"ይህን የጻፈውስ?"

"እኔ ምን አውቄ! ጫማውንም ገንዘቡንም ልትበላ ነው እንጂ" አለች እትዬ። "ሌባ ናት።"

"ሌባ ከሆነችማ እኩል ጫማ ትሰርቅ ነበር" አልኩ እኔ። "ይህን ለማን ትሸጠዋለች?"

ነገሩ ለማናችንም አልጨበጥ አለ። እትዬ ለሙሽራዪቱ መልእክት ልትጽፍ ስትል፣ አቤቱታ ስለተከፈተ መልእክት መለዋወጡ ተዘግቷል። የቀረው ትዕዛዙ ላይ ከካርዱ ጋር የተሞላው ስልክ ቁጥር ነው። እትዬ ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ሃሎ፣ ከጫማ ቤት ነው።"

"አሃ፣ እናንተ ናችሁ!" አለ የወንድ ድምፅ። "እንዴት ትንሽ አታፍሩም? ለሠርግ የታዘዘ ጫማ፣ አንዱን የእናት አንዱን የልጅ አድርጋችሁ ትልካላችሁ?"

"ማን ልበል?"

"ሙሽራው ነኛ! ካርዱ የኔ ነው። ለሠርጉ የሚያስፈልጋትን ግዢ ብዬ ሰጠኋት። እሷማ ምን ትላለች፣ የሰው ፊት አይታ ክፉ የማትናገር ሰው! 'ቆንጆ ነው፣ ልክ ሆነኝ' ብላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ልክ ሆነኝ! እንዴት ነው ልክ የሚሆናት? እንዳልናደድ ብላ እኮ ነው። እኔም ሳልነግራት ነው ያመለከትኩት።"

"ስማኝ ልጄ፣" አለች እትዬ፣ "የሷ እግር እኮ..."

ጫማ ሰፊው ዘሎ ስልኩን ሊዘጋው ተጫነው። ስልኩ እንደ ልማዱ አላወቀውም። ደግሞ ተጫነው። በመጨረሻ በሁለት እጁ አንስቶ እንደ ጫጩት ደረቱ ላይ ለጠፈው።

"የሷ እግር ምን?" አለ ከደረቱ ውስጥ የታፈነ ድምፅ።

"የሷ እግር... ይቅናው" አለ ጫማ ሰፊው። "መልካም ጋብቻ ይሁንላችሁ። እኛ ነገሩን እናያለን።"

እትዬ ስልኩን ነጥቃ ዘጋችውና አፈጠጠችበት።

"ምን ነካህ? የእግሯ ልክ በእጃችን፣ የራሷ ጽሑፍ በእጃችን! ልከን መገላገል ነው።"

"የላክነው ለሱ ይደርሳል ተብሏል አይደል?"

"ይድረሰዋ!"

"እሷ ያልነገረችውን እኔ ልነግረው ነው? ሠርጓ ደርሷል እትዬ።"

"የሷን ገመና ለመሸፈን እኛ እንራቆት? ውሸታም ሙሽራ ናት!"

"ምን ዋሸች? 'ልክ ሆነኝ' አለችው። ልክ ሆኗታል።"

እትዬ ወደ እኔ ዞር ብላ "አንተስ ምን ትላለህ?" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እሷ ስትናገር የሷ ትክክል ይመስለኛል፣ እሱ ሲናገር የሱ። "እኔ እንጃ፣ ቁልፍ የሚጠብቀኝ ሰው አለ" ብዬ ወጣሁ። የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም።

ማስረጃ የሚላክበት ቀን ሊያልፍ ሲል ጫማ ሰፊው እህቱን ያስጻፋት አንዲት መስመር ብቻ ነች፦ "ጫማው በታዘዘው ልክ ተሠርቷል።" የእግሯን ልክ አልላከም። መልሱ ከድርጅቱ ሳይውል ሳያድር መጣ። ሻጩ ጫማዎቹ እንደማይመሳሰሉ ስላልካደ ተፈረደበት። በዚያ ላይ የአቤቱታ ማስተናገጃ ተብሎ ቅጣት ተቆረጠ፤ ሱቁም ለጥራት ምርመራ ታገደ። ያዘዙ ደንበኞች መክፈል አልቻሉም። "ጫማቸው እኩል ስላልሆነ ታገዱ" የሚል ማስታወሻ የሱቁ ገጽ ላይ ተለጥፎ ሲያይ፣ ጫማ ሰፊው "እኩል ብሠራ ኖሮ ምን ሊሉኝ ነበር?" አለ። ሲያሾፍ አልነበረም። የምር ነው የጠየቀኝ።

ጫማውም ተመልሶ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ሲያየው ዋለ። ለማንም የማይሆን ጫማ ነው። በዓለም ላይ አንድ ባለቤት ብቻ ያለው ነገር ሲመለስብህ ምን ታደርገዋለህ?

ሁለት ቀን አልቆየም፣ ስልክ ተደወለ። ሴት ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራለች።

"ጫማዬ እናንተ ጋ ነው?"

"እኛ ጋ ነው ልጄ" አለ ጫማ ሰፊው።

"ሣጥኑን ስከፍት ሌላ ጫማ አገኘሁ። በጣም ቆንጆ፣ ሁለቱም ሠላሳ ስምንት። 'የኔ ስጦታ ነው፣ የማይረባውን መልሼልሻለሁ' አለኝ። አቅፌው አለቀስኩ። በደስታ መሰለው። ልነግረው አፌን ስከፍት፣ እንዲህ ደስ ብሎት ሳየው ጊዜ ቃሉ ይጠፋብኛል። ምን እንደማደርግ አላውቅም። ሠርጉ ቅዳሜ ነው። ልክፈልና ወደ እናቴ ቤት ይላኩልኝ?"

"መክፈያው ተዘግቷል" አለች እትዬ ከጎን።

"ለምን ተዘጋ?"

ወንድምና እህት ተያዩ። ማን ይንገራት? እሷ ስለ አቤቱታውም ስለ ቅጣቱም አንድም አልሰማችም።

"ለጥገና ነው" አለ ጫማ ሰፊው። "የእናትሽን አድራሻ ንገሪን፤ እንልከዋለን።"

እትዬ ጫማውን እየጠቀለለች፣ ለሱ ይሁን ለግድግዳው ባይታወቅም፣ "ገንዘቡንም ጫማውንም! ቅጣቱንም! አሁን ደግሞ የፖስታውንም!" እያለች ታጉረመርም ነበር። የጠቀለለችው ግን በንጹሕ ወረቀት ነው፤ ሳጥኑ ላይም ቁጥር አልጻፈችም።

ከሠርጉ በኋላ ዝምታ ሆነ። ጫማ ሰፊው የሰፈር ተረከዝ እየቀየረ ሰነበተ። ከዚያ በአንድ ቀትር ያ የወንድ ድምፅ ራሱ ደወለ፤ አሁን ግን ተለሳልሷል።

"አባባ፣ አቤቱታውን ትቼዋለሁ። ተሳስቼ ነው ብዬ ለባንኩ ጽፌያለሁ። ገንዘቡ ይመለስልዎታል።"

"ምነው ልጄ?"

"አቤቱታ ማስገባቴን ስነግራት ተው አለችኝ። 'ለምን?' ስላት 'እባክህ ለኔ ስትል' አለችኝ።" ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። "ደግሞ በሠርጉ ቀን ምን አድርጋ ብትመጣ ጥሩ ነው? የናንተን ጫማ! ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። እኔ የገዛሁት ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ። ማታውን ሙሉ ስትጨፍር አየኋት፣ እንዲያ ስትጨፍር አይቻት አላውቅም። ግን ጫማው ትንሽና ትልቅ ነው፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። እንዴት ሊሆን ይችላል? እስቲ እርስዎ ባለሙያ ነዎት፣ ይገባዎታል?"

ጫማ ሰፊው መዶሻውን ሲያስቀምጥ በግድግዳው ሰማሁት።

"ቀስ ብለህ እሷን ጠይቃት" አለው። "ስትነግርህ ብቻ አትቸኩል።"

"ምን ልትነግረኝ?"

"እንጃ ልጄ። እኔም ሁሉን አላውቅም።"

ስልኩ ሲዘጋ እትዬ ጠየቀችው። "አልነገረችውም ማለት ነው?"

"አልነገረችውም።"

"ታዲያ አቤቱታውን ምን ብሎ ተወው?"

"እሱም አያውቀውም።"

ገንዘቡ እንደተባለው ተመለሰ፤ ሱቁም አንድ ጠዋት ያለ ምንም ማብራሪያ ተከፍቶ ተገኘ። ቅጣቱ ግን አልተመለሰም። ገዢው ተሳስቻለሁ ካለ ሻጩ በምን ጥፋቱ እንደተቀጣ እትዬ ለድርጅቱ እየጻፈች ትጠይቃለች፤ በየጊዜው ሌላ ሰው "ጥያቄዎ ደርሶናል፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን" ብሎ ይመልስላታል። ትናንትም ጽፋ ነበር። ጫማ ሰፊው "ተዪው በቃ" ሲላት፣ "አልተውም፤ ቢያንስ እኔ ሊገባኝ ይገባል" ስትለው ሰማኋት።