ሽማግሌ ይዤ ወደ አስካሪው ልጅ ቤት

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 5፡15፣ ዴንቨር

ከቤት ስወጣ ገና አልነጋም። ሌሊቱን የወረደው በረዶ መኪናዬን ሸፍኗታል፤ መስታወቱን ስፍቅ ጣቶቼ ደነዘዙ። ኢስት ኮልፋክስ ላይ የሚታዩት አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስን የሚጠብቁ የሆስፒታል ሠራተኞች ብቻ ናቸው።

ጉዞዬ አጭር ነው፤ ምክንያቱን ግን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኦሮራ ውስጥ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ልጆችን አማርኛ አስተምራለሁ። የዛሬው ትምህርት በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ስለተዋጉ አፍሪካውያን ነው። መጻሕፍት የጄኔራሎቹን ስም ይዘረዝራሉ። ከሴኔጋል በመርከብ ተጭኖ ፈረንሳይ ላይ ስለወደቀው፣ ከናይጄሪያ፣ ከጋናና ከኮንጎ መጥቶ በእኛው ምድር ጣልያንን ስለወጋው ወታደር ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ መስመር አያልፉም። ልጆቹ ከሰው አፍ ይስሙ ብዬ በወላጆች ግሩፕ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «የአርበኞች ልጆች የሆናችሁ፣ የአባቶቻችሁን ፎቶ ይዛችሁ ኑ።»

ስህተቴ ይህ ነው። ጋሽ ሀብቱ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ የታክሲ ሹፌር ናቸው፤ የአባታቸውን ፎቶ ሊያመጡልኝ ቃል ገብተው ነበር። አባታቸው አስካሪ ነበሩ፤ ኤርትራ በጣልያን እጅ ሳለች ለጣልያን ጦር የተመለመሉ የአገሬው ወታደር ማለት ነው። ትናንት ደወሉ። «አባቴ አርበኛ አይደለም። እኔም አልመጣም» ብለው ዘጉት።

እንዲህ ያለ ይቅርታ በስልክ አይጠየቅም። ሽማግሌ ያስፈልገኛል።

6፡05፣ ኮሜርስ ሲቲ

ጋሽ ወርቁ የሌሊት ሥራቸውን ጨርሰው ከመጋዘኑ በር ሲወጡ ይታዩኛል፤ የሥራ ጃኬታቸው ጨለማው ውስጥ ያበራል። አባታቸው ጎጃም ውስጥ አርበኛ ነበሩ፤ ፎቷቸውን ባለፈው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከጋሽ ሀብቱ ጋር ደግሞ ዓመታት አብረው ታክሲ ነድተዋል። ከእሳቸው የተሻለ ሽማግሌ አላገኝም።

«ደክሞዎታል አይደል?» አልኳቸው፣ የያዝኩላቸውን ሳምቡሳ እያቀበልኩ።

«አሥር ሰዓት ቆሜ አድሬ አሁን ደግሞ ሽምግልና! ደግነቱ ሽምግልና ወንበር አለው።»

ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ተራሮቹ በስተቀኛችን ሐምራዊ ሆነዋል። ጋሽ ወርቁ ግን ቀና ብለው አላዩም። ሳምቡሳውንም አልጨረሱትም። እንቅልፍ መስሎኝ ነበር።

6፡50፣ ኦሪጅናል ኦሮራ

ፓርክ አደረግኩና ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። ጋሽ ሀብቱ በነጠላ ጫማ ከፈቱልን።

«ግቡ እንጂ። ተቀመጡ፣ ሻይ ላፍላ።»

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወርቁ። ለማያውቅ አንባቢ፦ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ አይቀምስም።

እኔ ቀደምኩ። «ጋሼ፣ የጻፍኩት ልክ አልነበረም። አባትዎን በር ላይ አስቀረሁብዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አንቺ ልጅ ነሽ። አንቺን ይቅር ብያለሁ።» ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። «አንተስ? ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ በሰው ሁሉ ፊት ‹ባንዳው መጣ› ስትለኝ የኖርከው?»

«ቀልድ ነበር እኮ ሀብቱ።»

«እኔ ስቄ አውቃለሁ?»

ያመጣሁት ሽማግሌ ራሱ ተከሳሽ ሆነ! አሁን ጉዳዩ ከእጄ ወጥቷል፤ ጋሽ ሀብቱ እሺ ካላሉ የአባታቸው ፎቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ጋሽ ወርቁ ኮፍያቸውን አወለቁ። «የኔ አባት ጫካ ሲገባ የሚጠብቀው አገር ነበረው። ያንተ አባት ሲወለድ ጣልያን ቤቱ ውስጥ ነበር። ይህን እያወቅኩ ነው ስቀልድ የኖርኩት። አጥፍቻለሁ። ድንጋይ ተሸክሜ እንዳልለምንህ ደግሞ ፎቁ ሦስተኛ ነው።»

ጋሽ ሀብቱ ሳይፈልጉ ሳቁ። ወንበርም ሳቡ። «ተቀመጥ በል። ሌሊቱን ሙሉ ቆመህ ነው ያደርከው።»

ሻዩን ጠጣን። በሕይወቴ እንደዚያ ያመሰገንኩበት ሻይ የለም።

10፡00፣ አዳራሹ

ፎቶው የመዳፍ ያህል ነው። ታርቡሽ የሚባለውን ረጅም ቆብ ያደረገ ቀጭን ወጣት፣ ጠመንጃው ከእሱ የከበደ ይመስላል። ጋሽ ሀብቱ ቆመው ይናገራሉ፦

«መጀመሪያ ሊቢያ ወሰዱት። ኋላ ከረን ላይ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጋ እጁን ተመታ። አጠገቡ የወደቁት ጓደኞቹ ብዙዎቹ መቃብራቸው ላይ ‹ስሙ ያልታወቀ አስካሪ› ይላል። እሱ ግን ስማቸውን ያውቅ ነበር። ማታ ማታ ይጠራቸው ነበር።»

የአሥራ አንድ ዓመቷ ሶስና እጇን አወጣች። እዚሁ የተወለደች ናት።

«ጋሼ፣ ቮለንቲር አድርጎ ነው የሄደው?»

ጋሽ ሀብቱ ፎቶውን አዩ፤ እሷን አዩ።

«ልጄ፣ ፈልጎ ይሁን ተገዶ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ጣልያንም፣ እንግሊዝም፣ እኛ ልጆቹም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወሩ፤ ልጆቹም ጠየቁ። እኔ ያዘጋጀሁትን ማብራሪያ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ አላስፈለገም።

ሲጨርሱ ፒን ይዤ ቀረብኩ። «ፎቶውን የት ላድርገው?»

ሰሌዳውን ተመለከቱ፤ ቀጥሎ የፊተኛውን ወንበር። ጋሽ ወርቁ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለዋል።

«ከሱ አባት አጠገብ አድርጊው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቀስ ብለሽ ብቻ፤ ሰውዬው ተኝቷል።»