ይልማ ስፔስ ሲጫን

ባለፈው ሳምንት ለገሃር ታክሲ ስጠብቅ፣ አንድ ትልቅ የማስታወቂያ ስክሪን ላይ ቃላቱ ተጣብቀው ዓረፍተ ነገሩ አንድ ረጅም ቃል መስሎ አየሁ። ሰው መሃል ብቻዬን ሳቅኩ። ይልማ ትዝ ብሎኝ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

ከዓመታት በፊት እኔና ይልማ ካዛንቺስ፣ ዌብሳይት የሚሠራ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ለሙከራ ተቀጥረን ነበር። ከሁለታችን አንዳችን ብቻ እንደምንቀር ተነግሮናል። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ። ከምሳ በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፣ መንገድ ዳር የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት ሽታ እኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ጾመኛውን ይፈትናል።

ለአንድ ሆቴል ዌብሳይት ትልቁን ርዕስ በኤስቪጂ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ኤስቪጂ በኮድ የሚጻፍ፣ የቱንም ያህል ቢያተልቁት የማይደበዝዝ ሥዕል ነው። ሳምንት ሙሉ ለፋሁበት። ይልማ ግን አንድ ጠዋት ቀድሞኝ ገብቶ፣ ለአለቃችን ለአቶ ግርማ የእኔኑ ሥራ «ጨረስኩት» ብሎ አሳያቸው። ብናገር ምቀኛ እባላለሁ ብዬ ተውኩት እንጂ ደሜ ፈልቶ ነበር።

ከሰዓት የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ መጡ፤ አቶ ግርማም ይዘዋቸው ወደ ይልማ ጠረጴዛ ሄዱ።

«ቆንጆ ነው የኔ ልጅ። ቃላቱ ግን ተፋፍገዋል፤ ትንሽ ራቅ ራቅ አድርግልኝ» አሉት።

«ችግር የለም፣ በቃ አሁኑኑ!» ብሎ ክፍተት የሚሰጠውን ቁልፍ፣ ስፔስን፣ ተጫነ። ምንም። ደጋግሞ ተጫነ። አሁንም ምንም።

በኤስቪጂ ጽሑፍ ውስጥ ስፔስ ቢደረድሩ ዌብሳይቱን የሚከፍተው ብራውዘር ሁሉንም እንደ አንድ ነው የሚቆጥረው። ለቃላት ርቀት ራሱን የቻለ ትእዛዝ አለ፤ አንድ አጭር ነገር። እሱ አያውቀውም፣ እኔ አውቀዋለሁ። ወንበሬን ደገፍ ብዬ ተመለከትኩት።

«ማለቴ... ብራውዘሩ ስታክ አድርጎ ነው» አለ፤ ግንባሩ አልቦታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሰብሊ፣ እስቲ ነይማ።»

«ኧረ ይልምሽ! አንተ የሠራኸውን እኔ ምን ብዬ እነካለሁ?»

አቶ ግርማ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ። «ማነው የሠራው?»

«እሷ ናት» አለ፣ ኪቦርዱን እያየ።

ተነስቼ ትእዛዙን ጻፍኩ፤ ቃላቱ ተራራቁ። እሱ አጠገቤ እንደቆመ «ይብቃ እትዬ፣ ወይስ ልጨምር?» እያልኩ ደጋግሜ ጠየቅኳቸው። የመጀመሪያው ልክ እንደነበር አውቃለሁ። ቆሞ እንዲያይ ፈልጌ ነው።

ሥራው ለእኔ ሆነ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔ ያንን ፍልሰታ እንደዚያው ጾሜ ፈታሁ።

ዛሬ የራሴ ቢሮ አለኝ። አምና ይልማ ስልኬን ከሰው አግኝቶ ደወለ፤ ሥራ ፈትቷል፣ ልጆች አሉት፤ እንድቀጥረው ጠየቀኝ። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አላነሳም። ይቅርታ ቢለኝ ኖሮ ልቤ ይራራ ነበር መሰለኝ። «እሺ፣ አስቤበት እደውልልሃለሁ» አልኩት።

አልደወልኩም።