እሑድ እሑድ የሚሞቱት ዓሣዎቼ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሚሌኒየሙ ሊከበር ወራት ሲቀሩት፣ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ውስጥ ሻይ ቤት በነበረኝ ጊዜ ነው። «ደረሰብኝ» ማለቴ ራሱ ይገርማል፤ ያደረስኩትስ እኔው ነኝ። የሚያውቁኝ ሰዎች ዛሬም የዓሣዎቹን ነገር እያነሱ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን ግማሹ ላይ ስደርስ ሳቁ ይጠፋብኛል።

አስቀድሜ ጠባዬን ልናገር። ተጠራጣሪ ነኝ። ሽንኩርት ስገዛ አንዴ በሻጩ ሚዛን፣ አንዴ በጎረቤቱ ሚዛን አስመዝናለሁ። በሬን ቆልፌ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን እነካካለሁ። ወንድሜ ጌጡ «አንቺ እኮ የገዛ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ጌጡ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ያመላልሳል። ታኅሣሥ ላይ ሊጠይቀኝ ሲመጣ የልብስ ሳጥን የሚያህል የመስታወት ገንዳ ይዞ መጣ። ዕቃውን ያመላለሰለት አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲገባ «ውሰደው» ብሎ ሰጠው። ከገንዳው ጋር መብራቱን፣ ውሃ የሚያዘዋውረውን ትንሽ ሞተር፣ ስምንት ጀሪካን የባሕር ውሃና ስምንት ዓሣ አብሮ ጫነ። ዓሣዎቹን በባልዲ አድርጎ፣ በመኪናው ባትሪ አየር እየነፋላቸው ያን ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት አቋረጠ። ስምንት ተነስተው ሰባት ደረሱ።

ጉድ ነው የሚባለው! ሁለቱ ብርቱካንማ ሆነው ነጭ መቀነት የታጠቁ ይመስላሉ። አንዱ ሰማያዊ ሆኖ ጅራቱ ቢጫ ነው። ሌሎቹም በየመልካቸው። ገንዳው ውስጥ ከባሕር ሥር የወጡ ድንጋዮች ነበሩ፤ ድንጋይ አልኩ እንጂ ሕይወት አላቸው። ላያቸው ላይ የበቀለው ነገር መብራት ሲበራለት እንደ አበባ ይከፈታል፣ ሲነኩት ይሰበሰባል።

ከተማው ጉድ አለ። ሻይ ለመጠጣት የማይመጣ ሰው ሁሉ ሻይ ጠጪ ሆነ። አንዱ «መቼ ነው የሚጠበሱት?» ይላል። ሌላው ስሜን ጠርቶ «ኢትዮጵያ ያጣችውን ባሕር ጥሩወርቅ አስመለሰችልን» ይላል። እኔም ሳይታወቀኝ ኮራሁ። ጠዋት በሬን ከመክፈቴ በፊት «እንዴት አደራችሁ?» ብዬ እቆጥራቸው ነበር።

ጌጡ ሲሄድ እንዲህ ብሎ አስጠነቀቀኝ። «ስሚኝ፣ የቧንቧ ውሃ ጠብታ እንዳይገባበት። የሚጨመርበት መድኃኒት ይፈጃቸዋል። በየሳምንቱ ከገንዳው ትንሽ ቀድተሽ ትደፊና በዚህ በጀሪካኑ ውሃ ትተኪያለሽ። ሲያልቅ ሌላ አመጣልሻለሁ።»

እኔ ልቤ የያዘው የጀሪካኑን ነገር ብቻ ነው። ደግሞ በጋ ነው፤ ነፋሱ ደረቅ፣ መብራቱ ትኩስ። ሳምንት ሳይሞላ ውሃው በራሱ ጊዜ አራት ጣት ጎደለ። ራሱ ከጎደለልኝ እኔ ምን ቀጂ አደረገኝ አልኩና ጉድለቱን ከጀሪካኑ ሞላሁት። የምሞላውም ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ገበያተኛው ሲመጣ ጢም ብሎ እንዲያየው።

ወሩ በሰላም አለፈ። ከጥምቀት በኋላ አንድ እሑድ ጠዋት ስቆጥር ስድስት ሆኑ። ሰማያዊው ከድንጋዩ ሥር በጎኑ ተኝቷል። የመንገዱ ድካም ነው ብዬ ተጽናናሁ። በሚቀጥለው እሑድ ግን አምስት ሆኑ። ያን ጊዜ ጠባዬ ተነሳብኝ። ቅዳሜ ደህና የነበረ ዓሣ እሑድ የሚሞተው ለምንድን ነው? ቅዳሜ ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል?

በሐሳቤ ሰው ሁሉ አሰለፍኩና እማማ አሰለፈች ላይ ስደርስ ቆምኩ።

እማማ አሰለፈች ከሻይ ቤቴ ፊት ለፊት ጆንያ ዘርግተው ጨው የሚሸጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከጨው ሌላ ነግደው አያውቁም። ሌላ ቀን እኔ ጋ አይመጡም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ከመሞቁ በፊት ግን ይገባሉ። ሻይ አያዙም። ሰው አያናግሩም። ገንዳው ላይ ጎንበስ ብለው ትኩር ብለው ያያሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ጊዜ ደግሞ ማንም ያላያቸው መስሏቸው ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከር ሲያደርጉ አየሁ።

ለጎረቤቴ ለጸጉር ሠሪዋ ለብርቄ ነገርኳት። ብርቄ ወሬ ስትሰማ ዓይኗ ይበራል። «እኔ አፌን አላስነካም እንጂ» አለችና አስነካች። «ዓይን ነው። ዓይን ካልሆነ ምላሴን ይቁረጡት።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቡዳ ናቸው ሲባል የሰማሁ ይመስለኛል» አለችኝ። የት ሰማሽ፣ ማን አለሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ሽንኩርት ሁለቴ የማስመዝን ሴት ያችን ቃል ሳላስመዝን ተቀበልኳት።

ሦስተኛው ቅዳሜ ከወጡ በኋላ ገንዳውን ልወለውል ስጠጋ ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት አገኘሁ። ዙሪያውን ሁሉ ተነስንሶበታል። በስመ አብ ብዬ አማተብኩና በጨርቅ ጠርጌ ጨርቁን አቃጠልኩት። መተት ነው፤ በቃ፣ ተያዙ! በማግስቱ እሑድ ሁለት ዓሣ ሞተው አገኘሁ። ሦስት ቀሩኝ።

በአራተኛው ቅዳሜ ጠብቄ ያዝኳቸው። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። እማማ አሰለፈች እንደ ልማዳቸው ገብተው ጎንበስ አሉ፤ ጣታቸውን ነክረው ወደ አፋቸው ወሰዱ። እዚያው ጮኽኩ።

«እማማ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ዓይንዎን ከዓሣዎቼ ላይ ያንሱልኝ! አራቱን በልተዋል፤ ሦስቱን እንኳ ይተዉልኝ!»

እማማ አሰለፈች ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ ልጄ? እኔ እኮ ውሃው...» አሉ።

«ውሃውንም ይተዉት! ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጡ!»

ነጠላቸውን ሰበሰቡና ወጡ። በሩ አጠገብ የነበረች እናት ልጇን ወደ ጉያዋ ስትሸሽግ አየሁ። እውነት ልናገር፤ ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ሌባ የያዝኩ መሰለኝ።

ብርቄ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ነገሩን ገበያው ውስጥ በተነችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእማማ አሰለፈች ጨው የሚገዛ ጠፋ። ሰው በእሳቸው በኩል ሲያልፍ ዳቦ የያዘ ዳቦውን በኪሱ ይከታል፤ ሕፃን ያዘለች ነጠላዋን ትጎትታለች። እሳቸው እስከ ማታ ከጆንያቸው ጋር ይቀመጡና ያመጡትን ተሸክመው ይመለሳሉ። የሚያገኙት ሌላ ገቢ እንደሌላቸው አውቃለሁ። «የሥራቸውን ነው» እያልኩ ፊቴን አዞርኩ።

ገንዳዬንም በመጋረጃ ሸፈንኩት። እማማ አሰለፈች ካልገቡ፣ ማንም ካላየ፣ ዓሣዎቹ መዳን ነበረባቸው። አልዳኑም። በሚቀጥለው እሑድ አንዱ ሞተ። የቀሩት ሁለቱ መቀነት የታጠቁት ከድንጋዩ ጥግ ተደብቀው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። እንደ አበባ የሚከፈተውም ተጨማዶ መክፈት አቆመ። ብርቄን ጠረጠርኩ። ወንድሜንም ጠረጠርኩት፤ የታመመ ዓሣ ይሆናል ያመጣልኝ አልኩ። ራሴን ብቻ ነው ያልጠረጠርኩት።

ረቡዕ ቀን ጓዳ ውስጥ ሽሮ እየሠራሁ ሳለ የጓሮው በር ተንኳኳ። እማማ አሰለፈች ናቸው። ፊታቸው ገርጥቷል።

«አልገባም፤ አትፍሪ» አሉ። «ስንት ቀሩልሽ?»

«ሁለት።»

«እነሱም ካለቁ እኔ ቡዳ ሆኜ መቅረቴ ነው። እስክሞት የሚነሳልኝ አይደለም። ስለዚህ ለአንቺ ብዬ ሳይሆን ለራሴ ብዬ ነው የመጣሁት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይኸ ሽሮሽ ቢመጥጥብሽ ምን ትጨምሪበታለሽ?»

ግራ ገባኝ። «ውሃ ነዋ፣ ምን እጨምራለሁ?»

«ጨውስ?»

«ጨውማ አለው። ደግሜ ብጨምርበት ማን ይበላዋል?»

«ታዲያ ያን ባሕርሽን ለምን ጨው በጨው ላይ ታደርጊበታለሽ?» አሉ። «ከጆንያዬ ሆኜ አይሻለሁ፤ ቅዳሜ በጠባ ቁጥር ከጀሪካን ትደፊበታለሽ። መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት በጣቴ ቀመስኩት። የባሕር ጨው እንዴት እንደሚል ለማወቅ አምሮኝ ነው፤ ዕድሜዬን ጨው ሸጬ ባሕር አላየሁም። በሳምንቱ ብቀምሰው ጨውነቱ በረታ። በሦስተኛው መረረኝ። በመስታወቱ አፍ ላይ ያለውን ነጩንስ አላየሽም? ጨው እኮ ነው፤ ውሃው ሲደርቅ የቀረ። ነፋስ የሚወስደው ውሃውን ነው፤ ጨው የትም አይሄድ። ልነግርሽ እያልኩ በሰው ፊት ማፈሩ ያዘኝ። ልነግርሽ የጀመርኩ ዕለት ደግሞ አላስጨረስሽኝም።»

ስንት ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ፤ ስንት ጊዜ የመጠጠ ሽሮ በውሃ አቅጥኛለሁ! ሮጬ መጋረጃውን ገለጥኩት። ጠርዙ እንደገና ነጭ ሆኗል። በጣቴ አንስቼ ቀመስኩት። ጨው! መተት ብዬ ጨርቅ ያቃጠልኩበት ነገር ጨው!

«ምን ላድርግ እማማ? የቧንቧ እንዳይነካው ተብያለሁ» አልኩ።

«ምንጭ አለ አይደል? ከምንጭ ቅጂ። ግን በአንዴ አትድፊበት፤ ቀስ በቀስ ነው። የለመዱትን በአንዴ ከነሳሻቸው ይደነግጣሉ።»

ዕለቱኑ ከምንጭ ቀዳሁ። ጠዋት አንድ ጆግ ከገንዳው አወጣና አንድ ጆግ የምንጭ ውሃ እተካለሁ፤ ማታም እንዲሁ። በየቀኑ እቀምሳለሁ። እሑድ ደረሰ። መብራቱን አበራሁ። ሁለቱም አሉ! በሳምንቱ ከጥጋቸው ወጡ፤ ቆይቶ ያ አበባ የሚመስለውም ተከፈተ።

ጌጡን በስልክ ሳገኘው ጮኽኩበት። «ጉድለቱ ጨው በሌለው ውሃ እንደሚሞላ ለምን አልነገርከኝም?»

«እና በምን ልትሞይው ነበር?» አለኝ፣ ከልቡ ገርሞት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያው ሲሞቅ እማማ አሰለፈች ጆንያ ፊት ሄጄ ተንበረከክሁ። ጉልበታቸውን ስሜ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምጼን ከፍ አደረግኩ። «ዓሣዎቼን የገደልኩ እኔ ነኝ! በጨው የፈጀኋቸው እኔ ነኝ! እሳቸው ናቸው ያተረፉልኝ!» አንዳንዱ ሳቀ። እማማ አሰለፈች በክንዴ ይዘው አነሱኝ። «እግዜር ይቅር ይበልሽ። ተነሺ፣ አፈሩ ልብስሽን አበላሸው» አሉኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አላሉም።

ሰው ሰምቶኛል፤ ግን አሁንም እየዞረ ከሌላ ሰው ጨው ይገዛል። ዓሣ መትረፉ ለማን ምኑ ነው? «እሷ አዝናላቸው ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈለግኩ። ማንም ሰው በእሳቸው ፊት ጉርሻ አያነሳም። እኔ ምሳዬን በሰሃን ይዤ ሄድኩና አጠገባቸው ተቀምጬ መብላት ጀመርኩ፤ እየቆረስኩ፣ እየጎረስኩ፣ እያወራሁ። ብርቄ ከሩቅ አይታኝ አፏን በእጇ ያዘች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ምንም አልሆንኩም፤ እንዲያውም ወፈርኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ አንዲት ሴትዮ ቆም ብላ አየችኝና ጎንበስ ብላ ጨው አስለካች።

ደስታዬን ላካፍላቸው ዘወር ስል እማማ አሰለፈች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው በእጃቸው ይዘውታል። ሴትዮዋ ጀርባ ላይ ያለው ሕፃን ዳቦ ይበላ ነበር። እኔም ጉርሻ ይዣለሁ።

«እማማ፣ ምነው? ወደዚህ ይዩ እንጂ» አልኳቸው።

«ብሉ፣ ብሉ» አሉ ሳይዞሩ። «ስትጨርሱ እዞራለሁ።»

ለካ እኔ ከጮህኩባቸው ቀን ጀምሮ ሰው አጠገባቸው አፉን በከፈተ ቁጥር እንዲህ ያደርጉ ነበር። እኔም ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አጠገባቸው ስበላ ልብ አላልኩም። ጉርሻውን ሰሃኑ ላይ መለስኩና እዚያው አለቀስኩ።

ገበያቸው ቀስ በቀስ ተመለሰላቸው። ሁለቱ ዓሣዎችም ዓመታት ኖሩልኝ። እማማ አሰለፈች ሲመቻቸው እየገቡ ውሃውን ቀምሰው «ደህና ነው» ወይም «ጥቂት አቅጥኚው» ይሉኝ ነበር፤ አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። ይቅር እንዳሉኝም አምናለሁ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር ማለት አልሆነልኝም። ሻይ ቤቴን እስክዘጋ ድረስ በየቅዳሜው ምሳዬን አጠገባቸው በላሁ። አንድ ቀን እንኳ ስበላ አላዩኝም።