ባስልዮስና የሽባው ቃሬዛ

ባስልዮስ ቴክሳስ፣ ግራንድ ፕሬሪ ውስጥ መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። ዲቪ ደርሶት ከሚስቱ ከውባለም ጋር ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ከገባ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። በፈረንጆቹ 2008 ጓደኞቹ ሁሉ ነርሲንግና አካውንቲንግ ሲማሩ እሱ ተነሥቶ የጥንት ግሪክኛ ሊማር የማታ ክፍል ተመዘገበ። ውባለም ምን ሊሠራልህ ነው ብላ ስትጠይቀው፣ ወንጌልን ከምንጩ መጠጣት እፈልጋለሁ አላት። የቧንቧውስ ምን ሆነ አለችው።

መምህሩ ጡረታ የወጣ የቴክሳስ ሽማግሌ ነው። አንድ ምሽት በሮማውያን ዘመን ግሪክኛ ተናጋሪዎችን ስለያዛቸው አባዜ አወራ። የአቴና ሰዎች ከዚያ አምስት መቶ ዓመት በፊት ያልተናገሩትን ቃል ያወጣ ሰው እንደ ባላገር ይሳቅበት ነበር። ይህን በል፣ ያንን አትበል የሚሉ መጻሕፍት ተጽፈዋል። የወንጌል ግሪክኛ ራሱ ለነዚህ አዋቂዎች የዓሣ አጥማጅ ወሬ ነበር። መምህሩ ይህን የተናገረው ተማሪዎቹን ሊያስቅ ነው። ባስልዮስ ግን አማርኛን የማጥራት ሙያ ያገኘ መሰለው።

ቤት እንደገባ ውባለምን «ፓርክ አደረግሁ» እንዳትል ከለከላት፤ መኪናዬን አቆምኩ በይ አላት። ሥራ ቦታ ደግሞ ፎርክሊፍቱን ቃል በቃል ተርጉሞ «ሹካ አንሺ» ብሎ ሰየመው። የሥራ ባልደረባው ሸምሱ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ የምናነሣው ሹካ ነው እንዴ ብሎ ጠየቀውና ከዚያ በኋላ ሐበሻው ሁሉ «ሹካው» ይለው ጀመር። ውባለምም ዝም አላለችም፤ መኪና የሚለው ቃል ራሱ የጣሊያን ነው አለችው። ባስልዮስ ነገሩን ወደ መምህሩ ወሰደው። መምህሩም የቃሉ ሥር ግሪክ መሆኑን አረጋገጠለትና ደስታውን ወዲያው አበላሸበት፤ የመጣው ከሌላ የግሪክ ቀበልኛ ነው፣ አቴናዎቹ «ሜካኔ» ነበር የሚሉት፣ እነዚያ አዋቂዎች ቢሰሙህ ይስቁብሃል አለው። ስለዚህ ባስልዮስ «ተሽከርካሪዬን አቆምኩ» እያለ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሰነበተ።

የባሰው በእሑድ ጉባኤ መጣ። ከስብከት በፊት ምዕራፍ የማንበብ ተራው የእሱ ነበር፤ ምዕራፉም ሽባው ተፈውሶ አልጋውን እንዲሸከም የታዘዘበት ነው። ባስልዮስ ሲዘጋጅ አልጋ የሚለው ቃል አልዋጥለት አለ። አልጋ ድሮ የንጉሥ ዙፋን ማለትም ነበር፤ ይህ ምስኪን ዙፋን ከየት አምጥቶ ይሸከማል? ግሪክኛው «ክራባቶስ» ነው የሚለው፤ የድሃ መተኛ። እናም ሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ ድምፁን ሞልቶ፣ «ቃሬዛህን ተሸክመህ ሂድ» ብሎ አነበበ።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ ዓለምሸት የደብሩ ሁሉ እናት ናቸው፤ ቃሬዛን የሚያውቁት አስከሬን ሲሸኙበት ነው።

«ልጄ፣ ሰውየው ዳነ ወይስ ሞተ?» አሉት።

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ሰባኪው እንኳ ለመጀመር ጊዜ ወሰደበት።

በሳምንቱ ባስልዮስ ተሸማቅቆ ለመምህሩ ነገረው። ሽማግሌው ሳቀና አንድ ጥንታዊ ታሪክ አጫወተው። በቆጵሮስ አንድ የተማረ ጳጳስ ሲሰብክ ያችኑ «ክራባቶስ» የምትል ቃል ተራ ናት ብሎ ንቋት፣ በጨዋ ቃል ተካት። በግ ጠባቂ የነበሩ ሌላ ሽማግሌ ጳጳስ ተነሥተው፣ ክራባቶስ ካለው ጌታ አንተ ትበልጣለህን ብለው በሕዝብ ፊት ገሠጹት፤ ጉባኤውንም ጥለው ወጡ። ባስልዮስ ጆሮው ጋለ። እስካሁን ራሱን ከአዋቂዎቹ ጋር አሰልፎ ነበር፤ ለካ አዋቂዎቹም ተግሣጽ ቀምሰዋል።

ይቅርታ ሊጠይቅ ወይዘሮ ዓለምሸት ቤት ሄደ። እሳቸው ግን ቂም አልያዙም፤ ጨንቋቸው የነበረው ሌላ ነገር ነው።

«ግሪኮቹ ምን ነበር ያሉት?»

«ክራባቶስ ነው እማማ።»

አሰብ አደረጉ። «ከረባትህን ተሸክመህ ሂድ ብትለን ይሻል ነበር። ከረባትስ አይከብድም።»

ባስልዮስ ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተና ተወው፤ ከሳቸው ጋር ሳቀ። ግሪክኛውን እስከ መጨረሻው ተማረ፣ ፈተናውንም አለፈ። ተራው ሲደርስ ዛሬም ያነባል። ወይዘሮ ዓለምሸት ግን ትልልቅ ፊደል ያለውን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ በጣታቸው መስመር በመስመር ይከተሉታል።