በአመድ ውሃ የታጠበ ጨርቅ

ሰው በተሰበሰበበት ውሸታም ተባልኩ። ያለኝ ሐኪም ነው፤ በልጄ ዕድሜ ያለ። ቦታው ሰቆጣ፣ የሐኪም ቤት በረንዳ። ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ የመጡ የአገሬ ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበርና ሁሉም ሰሙ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንጋይ ስፈልጥ ስንጣሪው ቅልጥሜን ቆረጠኝ፤ ቁስሉም አልድን አለ። ያን ሰሞን ሐኪም ቤቱ ውስጥ አዲስ ነገር ይሞክሩ ነበርና ቁስሌ ላይ አንድ ስስ ላስቲክ ለጠፉልኝ። እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል። በላዩ በቀለም የታተሙ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ስልክ ሲያስጠጉት የቁስሉን እርጥበት ኮምጣጣነት ይናገራል።

"ቁስል ሊድን ሲል ይኮመጥጣል፤ ሲያመረቅዝ ኮምጣጣነቱ ይጠፋል" አለችኝ ነርሷ።

"ሊጥ አደረጋችሁኝ በይኛ!" አልኳት፤ ሳቀች።

ትእዛዝ ያለበት ወረቀትም ሰጡኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ቀስ ብዬ አነበብኩት። "ቁስሉ ላይ ምንም ነገር አይቀቡ" ይላል። አልቀባሁም። ቅቤ አላስነካሁ፣ ቅጠል አልደፈደፍኩ።

በቀጠሮዬ ስመለስ ስልኩ መጥፎ ተናገረ። በሌላውም ቀጠሮ እንዲሁ። ሐኪሙ ቁስሉን አየ፤ መግል የለ፣ ሽታ የለ። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ሆነ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ቀብተህበት ነው?"

"ምንም።"

"መሣሪያው አይዋሽም። ውሸታሙ አንተ ነህ። ሁለተኛ ለዚህ እንዳትመጣ!"

ከደሃና የመጣች አንዲት ሴት "በበርበሬ አሽተውት ይሆናል እኮ!" አለች፤ በረንዳው በሳቅ ሞላ።

አልሄድኩም። በእኛ አገር ሌባ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይባላል፤ ሌባው እስኪለይ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ይውላል እንጂ ማንም አይነሳም። እኔም በሩ ላይ ጋቢዬን አንጥፌ ተቀመጥኩ።

"ይነሱ እንጂ አባባ" አለኝ ዘበኛው።

"አውጫጭኝ ተቀምጫለሁ። ወይ እኔ ወይ ላስቲኩ፣ አንዳችን ዋሽተናል።"

"ላስቲክ ሲከሰስ ዛሬ ገና አየሁ" ብሎ ትቶኝ ሄደ።

ነርሷ አዘነችልኝ መሰል፣ እግሬን አጥባ አዲስ ለጠፈችልኝና እዚያው አልጋ ሰጥታ አሳደረችኝ። ጠዋት ስልኩ ደህና ተናገረ። ያን ጊዜ ለመንገድ አቧራ ብዬ ከላስቲኩ በላይ የምጠመጥመውን፣ እዚህ ስደርስም ፈትቼ የምይዘውን ጨርቅ አንስታ አገላበጠችው።

"አያ፣ ይሄ በምን ታጠበ?"

"በአመድ ውሃ ነዋ! ሳሙና ሲጠፋ ሚስቴ በምን ትጠበው?"

ለካ ከዝቋላ ድረስ ስራመድ ላቤ ጨርቁን ያርሰዋል፤ በጨርቁ የቀረው አመድ በላስቲኩ ጠርዝ ሾልኮ ይገባል። አመድ ደግሞ ኮምጣጣነትን ያጠፋል።

ሐኪሙ ተጠርቶ ሰማ። "ታዲያ ጨርቅ ጠምጥሜያለሁ ለምን አላሉም?" አለኝ። አሁን አንቱ ሆንኩ።

"ማን ጠየቀኝ? አትቀባ አላችሁ፤ አልቀባሁም። አትጠምጥም ያለኝ የለም።"

"እሺ፣ ይቅርታ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ውሸታም ያልከኝ በረንዳ ላይ ነው። ይቅርታውንም እዚያው በለው።"

"ሥራ አለብኝ።"

"እኔም የማጭደው ማሽላ አለኝ፤ ግን ተቀምጫለሁ።"

ያን ቀን ሙሉ ከበሩ አልተነሳሁም። ሰው እያለፈ ያየኛል፤ ይየኝ። በማግስቱ በረንዳው ሞልቶ፣ የአገሬ ሰዎችም ቆመው ሳለ ወጣ።

"እኚህ ሰው አልዋሹም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

"ከፍ አድርገው" አልኩት። ከፍ አድርጎ ደገመው።

ኅዳር አሥራ ሦስት ነበር፣ የሚካኤል ማግስት፤ በበዓሉ የቀረው ሰው ሁሉ የመጣበት ቀን።