ያልሰመረ ስለት ይዞ ወደ ቁልቢ

ኅዳር 22። ጠዋት ሦስት ጥንድ ሸራ ጫማ ሸጥኩ፤ አራተኛውን ከመደርደሪያ አውርጄ ራሴ ተጫማሁት።

የሰፈራችን የዕድር ዳኛ ጋሽ ደምሴ በሱቄ በር ሲያልፉ እግሬን አይተው ቆሙ። "እውነትም በእግርሽ ልትሄጂ ነው?"

ልጄ ሲዘምት "በሰላም ይመለስልኝ እንጂ ቁልቢ ገብርኤል ድረስ በእግሬ እመጣለሁ" ብዬ ተስዬ ነበር። ክረምት ላይ መርዶው መጣ።

"ስለትሽ አልሰመረ፤ ታዲያ ምን ልታስገቢ ነው የምትሄጂው?"

"ላስገባ አይደለም ጋሼ። ፊቱ ቆሜ ልጠይቀው ነው።"

አማትበው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ግን ባለ ዘርፍ ጥላ ተሸክመው ተመለሱ። ልጃቸው ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ገብቷል። "መሄድሽ ካልቀረ ይህቺን አድርሺልኝ" አሉ። ተቀበልኳቸው። የእርሳቸው ሰምሯል።

ሌሎቹም የሰፈር ሰዎች ጧፍና ሻማ አመጡ። ስለ ጉልበቴ የጠየቀኝ የለም። እግዜር ይስጣቸው፣ ሸክም አላሳጡኝም።

ከጎኔ ጨርቅ የምትሸጠው የወሎዋ ዘይነባ በሶ በከረጢት ይዛልኝ መጣች። ጎንበስ ብላ የጫማዬን አፍንጫ ተጫነችው።

"አንቺ ሴት፣ ጫማ ነጋዴ ሆነሽ ለራስሽ ጠባብ ሸጥሽ?"

ከመርዶው ወዲህ ዛሬ ገና ሳቅሁ።

"ሱቅሽን እኔ እከፍታለሁ" አለች። "አንቺ ብቻ የልብሽን ሳትነግሪው እንዳትመለሺ።"

ምስጋናዬ ለእሷ ነው።

ወዳጆቼ፣ ለመንገድ ስትሰናዱ ሸክም የጨመረባችሁንም ያቀለለላችሁንም ሰው እስቲ አጫውቱኝ።

ነገ ጠዋት ለዘይነባ የሱቁን ቁልፍ አስቀርጻለሁ።