ለእናኑ የሚወረወር ኳስ

ሰኞ ነበር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ደብረ ማርቆስ በዚያ ሰዓት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከዩኒቨርሲቲ በስፖርት ሳይንስ ተመርቄ፣ በከተማችን የሴቶች እጅ ኳስ ክለብ በረዳት አሰልጣኝነት ተቀጥሬ፣ የሜዳው ቆርቆሮ በር ሥር ቆሜአለሁ። በሩ ክፍት ነው። እኔ ግን «ግቢ» የሚለኝ ሰው እጠብቃለሁ።

አጠገቤ አንዲት ልጅ ቆማለች። የላስቲክ ጫማ ተጫምታ፣ የወንድሟ የሚመስል ሰፊ ቱታ ለብሳ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፍታለች። እሷም «ግቢ» እስክትባል እየጠበቀች ነው። ሰላም ተባባልንና ሁለታችንም በሩን ማየታችንን ቀጠልን።

ዋናው አሰልጣኝ ጋሽ ጌታነህ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከውስጥ ብቅ አሉ።

«በር ጠባቂ መቅጠሬን አላወቅሁም ነበር፤ ያውም ሁለት» አሉን።

ልጅቷ አትጠገብ ትባላለች። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ካለ መንደር ነው የመጣችው። ጋሽ ጌታነህ በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ስትወረውር አይተው ለሙከራ አስጠርተዋታል። የሙከራ ጊዜዋ የመጀመሪያው ዙር ውድድር እስኪያልቅ ነው። ካለፈች ትፈርማለች፤ ካላለፈች ትመለሳለች። አባቷ የለቀቋት ደስ ሳይላቸው ነው። አንዴ ከተመለሰች ሁለተኛ እንደማይለቋት ታውቃለች።

«መቅደስ፣ ይቺን ልጅ ለአንቺ ሰጥቼሻለሁ» አሉኝ ጋሽ ጌታነህ። «ክንድ አላት። ከክንዷ ሌላ ምንም የላትም። አቀናባሪ አድርጊልኝ።»

አቀናባሪ በእጅ ኳስ ከመሐል ቆማ ጥቃቱን የምትመራዋ ናት። ኳሱ በእሷ እጅ ያልፋል። ተከላካዮቹ የት እንደሳሱ አይታ፣ ማን እንደምትገባ ወስና፣ ሌላው ሳያስብበት ትወረውራለች። ጋሽ ጌታነህ በስልካቸው የአሜሪካኖቹን፣ በእጅ የሚወረወረውን ፉትቦል ማየት ይወዳሉ። ከኋላ ቆሞ የሚወረውረውን ሰውዬ እያሳዩ፣ «እዩት፤ አይጋፋ፣ አይንጫጫ። ያያል፣ ይወረውራል። ቡድኑ በሙሉ ያለው እሱ እጅ ላይ ነው» ይሉን ነበር።

አትጠገብ በወረወረች ቁጥር በረኛችን ፊቷን ትሸፍን ነበር። ጭላዳ ከገብስ ማሳ በድንጋይ ስታባርር ያደገች ልጅ ናት፤ ክንዷን ማንም አላስተማራትም። ነገር ግን ኳስ ከያዘች ሦስት እርምጃ ብቻ እንደሚፈቀድላት አታውቅም። አይታ አትወረውርም፤ ከወረወረች በኋላ ነው የምታየው።

በግድግዳው ላይ በጠመኔ ክብ ሣልኩላት። ግድግዳውን ስትለምድ እኔ እየተንቀሳቀስኩ እጄን ዒላማ አደረግሁላት። «ዓይንሽ ከእጅሽ ይቅደም» እላታለሁ። ድምፄ ትንሽ ስለሆነ ለመስማት ትጠጋኛለች። ጋሽ ጌታነህ ከሩቅ፣ «ልምምድ ነው ኑዛዜ?» እያሉ ይስቁብናል።

ከልምምድ በኋላ አብረን ነበር የምንሄደው። እሷ የተከራየችው ቤት ከእኛ ሰፈር አልፎ ነው። የተጠበሰ በቆሎ ገዝተን፣ ሁለት ቦታ ከፍለን እየበላን፣ ብዙ ሳናወራ እንሄዳለን። አንዳንዴ ቆም ትልና መንገደኛውን እያሳየች፣ «ቲቸር፣ ያቺ ሴትዮ አሁን በግራ ልትታጠፍ ነው» ትለኛለች። ሴትዮዋ በግራ ትታጠፋለች። ማየት የጀመረችው እዚያ መንገድ ላይ ይመስለኛል። በዚያ መንገድ አሁንም እሄዳለሁ። በቆሎ ግን አልገዛም፤ አንድ ሙሉ በቆሎ ለብቻዬ ይበዛብኛል።

ውድድሩ ሲጀመር ችግራችን ታየ። አምበላችን እናኑ ትባላለች። ከሠላሳ ብዙም ያላለፈች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ቀልድ የምትወድ የሁለት ልጆች እናት ናት። የምትጫወተው ፒቮት ነው፤ በተከላካዮቹ መሐል ጀርባዋን ለግብ ሰጥታ ትቆማለች። ኳሱ በፍጥነት ከደረሳት ዞራ ታገባለች። ከዘገየ ተከላካይ ይነጥቀዋል። አትጠገብ ለእናኑ የምትሰጠው ኳስ ሁሉ ይነጠቅ ነበር።

«ክንዷ የት ሄደ?» ይላሉ ጋሽ ጌታነህ። «ልምምድ ላይ ግድግዳ የምታፈርስ ልጅ ጨዋታ ላይ ላባ ትወረውራለች። ሰው ሲከባት ትፈራለች።»

ፈሪ አልመሰለችኝም።

ነገሩን ያየሁት በውኃ መጠጫ ሰዓት ነው። አትጠገብ የውኃ ፕላስቲክ ይዛለች። እኩያዋ ፋሲካ «አቀብዪኝ» ስትላት ዞር እንኳ ሳትል ወረወረችላት። ትንሽ ቆይቶ እናኑ ጠየቀቻት። አትጠገብ ተነሣች፤ ጎንበስ አለች፤ በቀኝ እጇ ይዛ፣ ግራ እጇን ከክርኗ ሥር ደግፋ ሰጠቻት። ለታላቅ ሰው ዕቃ እንዲህ ነው የሚሰጠው። እኔም ለጋሽ ጌታነህ የኳሱን ከረጢት የምሰጣቸው እንደዚያው ነው።

በሚቀጥለው ጨዋታ ሌላ ነገር አላየሁም፤ ግራ እጇን ብቻ ተከታተልኩ። ለፋሲካ ስትወረውር ክንዷ ከትከሻዋ ይፈታል። ለእናኑ ስትወረውር ግን ጉልበቷ ትንሽ ይሰበራል፤ ግራ እጇ ለመደገፍ ይመጣል፤ ኳሱ በዝግታ ይነሣል። ተከላካይዋ ያንን ለማየት በቂ ጊዜ አላት።

ለጋሽ ጌታነህ ለመናገር ተጠጋሁ። «ጋሼ፣ የውኃው ነገር…» ብዬ ጀመርኩ።

«አለቀ? ፋሲካ ታምጣ» ብለው ዞሩ።

ጨዋታው እስኪያልቅ ጠብቄ እንደገና ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ መሳቁን ተዉት።

«እና ምን ላድርግ? እናኑን በዕድሜ ላሳንስልሽ?» አሉኝ። «ስሚ መቅደስ፤ የዙሩ መጨረሻ ጨዋታ ቅርብ ነው። እስከዚያ ካልተስተካከለች እሷን የምይዝበት ምክንያት የለኝም።»

አትጠገብን በመንገዳችን ላይ ጠየቅኋት።

«ቲቸር፣ እሳቸው እኮ የልጆች እናት ናቸው» አለችኝ። «ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ፊታቸው ላይ እንዴት አድርጌ?»

ይህንን ለእናኑ ስነግራት በሳቅ ግድግዳ ተደገፈች። «ኧረ ጉዴ፣ አሮጊት አደረገችኝ» አለች። ከዚያ አትጠገብን ጠራቻት።

«ነይ እስቲ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ እታለም።»

«በገና ጨዋታ ቅልጥሙን በዱላ የተመታ ጌታ ማንን ይከሳል?»

«ማንንም። ግን እሱ የወንዶች ጨዋታ ነው።»

«የሴቶቹ ደግሞ ይኸው» አለች እናኑ፣ በጫማዋ የሜዳውን መስመር እየነካች። «ከዚህ መስመር ወዲህ እናትም፣ እታለምም የለችም። ስወጣ ታከብሪኛለሽ።»

አትጠገብ «እሺ» አለች። እጇ ግን እሺ አላለም። በማግስቱም በዝግታ ወረወረች።

«ጠላ እየቀዳሽልኝ ነው?» አለቻት እናኑ። «አይፈስም፤ ወርውሪው።»

ልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጠላ ቀጂዋ» ይሏት ጀመር። እሷም ከእነሱ ጋር ትስቅ ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ ግን አትስቅም።

የማውቀው ነገር ምክር ሳይሆን ልምምድ ነው። ስለዚህ ግራ እጇን ሥራ ላስፈታው አሰብኩ። ሁለተኛ ኳስ በግራ እጇ አስያዝኳት። ያንን ሳትጥል በቀኝ እጇ ትወረውራለች፤ ሕጉ ይኸው ብቻ ነው። ለፋሲካ ስትወረውር የግራው ኳስ አይነቃነቅም። ለእናኑ ስትወረውር ግን ይወድቃል። ግራ እጇ ለመደገፍ ሲመጣ ኳሱን ይለቀዋል። ኳሱ ሲሚንቶው ላይ ሲነጥር ሜዳው በሙሉ ይስቃል። አንሥታ እንደገና ትይዛለች።

ጠዋት ጠዋት እናኑ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ከሌሎቹ ቀድማ ትመጣልን ነበር። ከግቡ ፊት ካለው የስድስት ሜትር መስመር ላይ ትቆማለች፤ እኔ ደግሞ ተከላካይ ሆኜ ከኋላዋ እቆማለሁ። አትጠገብ ከመሐል ትወረውራለች። ብርዱ እጃችንን ያደነዝዘዋል፤ ኳሱም እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ስለ ሥራዬ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ዋንጫም ጭብጨባም አይደለም። እነዚያ ጠዋቶች ናቸው፤ ሦስታችን ብቻ፣ ከአፋችን እንፋሎት እየወጣ።

ከእነዚያ ጠዋቶች በአንዱ የግራው ኳስ ሳይወድቅ ቀረ። የቀኙ መሄዱን አላየሁትም፤ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። እናኑ እጇን ለማንሣት አልደረሰችም ነበር። ኳሱ አፏ ላይ አረፈ።

ከንፈሯ ተተርትሮ ደም ወረደ። አትጠገብ የያዘችውን ኳስ ጥላ ሮጠች፤ ጉልበቷን ልትስም እግሯ ሥር ወደቀች። እናኑ የቱታዋን ኮሌታ ይዛ አነሣቻት። ደሙን ወደ ጎን ተፋች።

«አሁን ደረሰኝ» አለች። «ሌላ አምጪ።»

አትጠገብ ወደ እኔ አየች። እያለቀሰች ነበር። የወደቀውን ኳስ አንሥቼ በግራ እጇ አስያዝኳት፤ ሌላውን በቀኝ። እንባዋን የምትጠርግበት እጅ አልነበራትም። ወረወረች። እናኑ ቀልባ ዞረችና እኔን አልፋኝ አገባች።

የዙሩ መጨረሻ ጨዋታ እኩል ለእኩል ሆኖ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ተጋጣሚዎቻችን ጨዋታችንን ቀድመው ስላጠኑ ለእናኑ የሚሄደው ኳስ ዝግ ብሎ እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ሊነጥቁት ተዘጋጅተዋል። አትጠገብ ዓይኗን ፋሲካ ላይ ጥላ በተከላካዮቹ ክንድ ሥር ለእናኑ ሰደደችው። እናኑ አገባችና ወደ ኋላ ስትሮጥ ለልጅቷ አንድ ነገር ጮኸችላት፤ ከአሰልጣኞች ወንበር ሆኜ አልተሰማኝም። በኋላ ስጠይቃት፣ «ጠላው ጠንክሯል ነው ያልኳት» አለችኝ።

ጋሽ ጌታነህ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና ሊያስፈርሟት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ዓመቷ አትጠገብ ቡድኑን በዓይኗ የምትነዳ ሆነች። እናኑን በጨዋታ መሐል «ውጪ! ግቢ!» ትላታለች፤ ጨዋታው አልቆ መስመሩን ሲያልፉ ደግሞ ጎንበስ ብላ ጃኬቷን ታቀብላታለች። በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ክለብ ጠየቃት።

ጋሽ ጌታነህ ከልምምድ መሐል ጠሩኝ። «ልጅቷ ያንቺ ናት» አሉ። «አልደረሰችም ካልሽኝ አንድ ዓመት አቆያታለሁ፤ የክለቡ ሰዎች አይቀየሙኝም። ደርሳለች?»

አንድ ዓመት። የጠዋቱ ልምምድ፣ በቆሎው፣ መንገዱ። አልደረሰችም የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ማንም ሐሰት አይለኝም ነበር። ወደ ሜዳው አየሁ። አትጠገብ ኳስ ይዛ ለአንዲት አዲስ ልጅ የት መቆም እንዳለባት እያሳየች ነው።

«ደርሳለች» አልኩ።

ጋሽ ጌታነህ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ምን አልሽ?»

ድምፄ አልተሰማቸውም ነበር። እንደገና መናገር ነበረብኝ፤ ጮክ ብዬ።

«ደርሳለች፣ ጋሼ። ትሂድ።»

መናኸሪያ የሸኘናት እኔና እናኑ ነን። አባቷ በዋዜማው መጥተው መርቀዋት ተመልሰዋል። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል መጀመሪያ የለበሰችውን የክለቡን ማልያ፣ ታጥቦና ታጥፎ፣ ሰጠችኝ። ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኳት።

«ለእኔስ?» አለች እናኑ።

አትጠገብ ገብታ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አንድ ብርቱካን ወጣ፤ በአንድ እጅ፣ ሳይታይ፣ ቀጥ ብሎ። እናኑ ደረቷ ላይ ቀለበችው። ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። እዚያው ቆመን በላን።

ከደጀን ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ መኪናው ለቁርስ ቆሟል። በልተሻል?» አለችኝ። ከኋላዋ የከባድ መኪና ጥሩንባና የአስተናጋጅ ጩኸት ይሰማል። በልቻለሁ አልኳት። ከዚያ ተሳፋሪ ሲጠራ ሰማሁ፤ ስልኩ ተዘጋ።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ይኸን ነው፤ ተጫዋች ኳስ ስታበላሽ እጇን ብቻ አልመለከትም። ለማን እንደወረወረችም አያለሁ።

አትጠገብን በሸኘን ማግስት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከረጢቱን ተሸክሜ ሜዳ ደረስኩ። በቆርቆሮው በር ሥር ከጉንደ ወይን ለሙከራ የተጠራች ልጅ ሻንጣዋን ታቅፋ ቆማለች። በሩ ክፍት ነው።

«ግቢ» አልኳት።